ፔጆ 404 እና ኤሌክትሪክ መኪና፦ ፈታኙ ደንገጎ ነው

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ እየወረድን ነው። የደንገጎ ዳገት ጫፍ ላይ ስንደርስ የጓደኛዬ መኪና ስክሪን 61 በመቶ ይላል። ጠመዝማዛውን ጨርሰን የድሬ ሙቀት ፊታችንን ሲመታን ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። 64 በመቶ።

«ተሳስቶ ነው?» አልኩት።

«አቦ፣ ሲወርድ ይሞላል እኮ!» አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ይመስል። መኪናዋን ከገዛት ገና አራት ወሩ ነው።

እዚህ መንገድ ላይ ያደግን ሰዎች ሌላ ነገር ነው የምናውቀው። ደንገጎን የወረደ መኪና የፍሬን ሸራ ይሸታል። ሹፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ይዞት፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ዱዓና ጸሎት እያቀላቀሉ ነው የሚወረደው። ታች ደርሶ «ነዳጅ ጨመርኩ» የሚል ሹፌር ቢኖር ኖሮ ጫት በዝቶበታል እንለው ነበር።

ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያማረኝ ያን ቀን ነው። አንደኛው የሐረር ፔጆ 404። ሌላው ጓደኛዬ የያዛት ቮልስዋገን አይዲ 4። በመሃላቸው 60 ዓመት አለ።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2014፣ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ ተነስቶላቸዋል። ያኔ ተገጣጥሞ የገባ 15 በመቶ ጉምሩክ እንዲከፍል፣ እዚህ የሚገጣጠመው ከዚያም እንዲያንስለት ተደረገ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ መኪና ልግዛ የሚል የድሬ ሰው ምርጫው ከሞላ ጎደል ተመርጦለታል። ጥያቄው «ልግዛ ወይስ አልግዛ» መሆኑ ቀርቶ «ይዤው እንዴት እኖራለሁ» ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከፔጆው የተሻለ አማካሪ አላገኘሁም። ከማንም በላይ እዚህ አገር ኖሯል።

መጀመሪያ ለሽማግሌው ተገቢውን ክብር እንስጥ።

ፔጆ 404 የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ቅርጹን የነደፈው ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና ነው፤ ያ ከኋላ ሹል ክንፍ የመሰለው ጠርዝ የእሱ እጅ ነው። ሞተሩ 1,618 ሲሲ፣ አራት ፒስተን፣ 72 ፈረስ ጉልበት ገደማ። ኮፋኖው ዝቅ እንዲል ሞተሩን በ45 ዲግሪ አጋድመው ነው ያስቀመጡት። ማርሹ መሪው ሥር ስለሆነ የፊት ወንበሩ እንደ መደብ ወጥ ነው። ሐረር ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ፊት ሁለት ሰው ይጨመራል፤ አንዱ ሲወርድ ሁሉም ይወርዳል።

ለምን ሐረርና ድሬ ላይ በዛ ለሚለው ካርታውን ማየት ይበቃል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው፤ ከተማዋንም የወለዳት እሱ ነው። ኩባንያው የፈረንሳይ፣ ወደቡ ፈረንሳይ የያዘችው፣ ከዚራ የምትባለው የድሬ ሰፈር የፈረንሳይ መሐንዲሶች የሠሯት። በዚህ መስመር የፈረንሳይ መኪና ካልመጣ ማን ሊመጣ ነበር?

አንድ ነገር ግን ይደብረኛል። ፔጆ 404ን ሰው ሁሉ «ያ አሮጌ ታክሲ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መኪና በዘመኑ የውድድር መኪና ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ.። በ1963ቱ ውድድር 84 መኪኖች ተነስተው እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968ም 93 ተነስተው የደረሱት እንደገና 7። ሁለቱንም ጊዜ ፊት የነበረው ፔጆ 404 ነው። በጭቃ፣ በአቧራ፣ ድልድይ በሌለው ወንዝ መሃል ያሸነፈ መኪና ነው እንግዲህ እኛ ሐረር መሃል ፈረስ መጋላ ላይ ሽንኩርት ጭነን የምንሄድበት።

ወደ ፍጥነት ልምጣ፤ ወንዶች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ስለሆነ። አይዲ 4 ከኋላ ያለው ሞተር 150 ኪሎዋት ነው፤ በፈረስ ጉልበት 204። ከቆመበት ተነስቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 8.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ፔጆው 20 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ይህ አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ 911፣ ያ የስፖርት መኪና ንጉሥ፣ 130 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ 100 ለመድረስም 9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የጓደኛዬ መኪና ከእሱ አያንስም ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ስነግረው ሁለት ቀን በሰላም አልነዳም።

ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት በሜዳ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። እኛ ጋ ደንገጎ አለ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ወደ ሐረር ሲሄድ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ 2,000ን ያልፋል፤ ከዚያ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ሲደርስ ትንሽ ይወርዳል። ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር በወጣ ቁጥር ይደክማል። አየሩ ስለሚሳሳ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፔጆው ፋብሪካ የሰጠውን 72 ፈረስ ይዞ ደንገጎ ጫፍ አይደርስም፤ 58 ገደማ ይዞ ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጎበዝ መካኒክ «የሐረር ነው የድሬ?» ብሎ ጠይቆ ነው ካርቡራቶሩን የሚያስተካክለው።

ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ከፍታው ምንም አይመስለው፤ 204ቱን እንደያዘ ይወጣል።

ሙቀቱም አለ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ስትደርስ፣ ካርቡራቶር ባላቸው መኪኖች ላይ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እያለ ይፈላል። ፓምፑ ፈሳሽ መሳብ ሲገባው እንፋሎት ይስባል፤ ሞተሩ ቀጥ ይላል። የጥንት ሹፌሮች መድኃኒቱን ያውቁታል። ከወንበር ሥር አንድ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ውኃ አይጠፋም። ኮፋኖ ይከፈታል፣ ጨርቁ ይርሳል፣ ፓምፑ ላይ ይጠመጠማል፣ ሰው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ጨርቁ ሲደርቅ መኪናው ይነሳል። ይህን ማንም መሐንዲስ አላስተማራቸውም።

አዲሱም ከሙቀት አያመልጥም፤ ብቻ በሌላ መንገድ ነው የሚያገኘው። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያረጃል። መጀመሪያ አካባቢ የወጡ፣ ባትሪያቸው በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ መኪኖች በሞቃት አገሮች አቅማቸው ቶሎ መውረዱ ታይቷል። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ በፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዙት፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ቢሆንም የድሬ ሰው ከሐረር ሰው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆም ጥሩ አይደለም። 80 አካባቢ ይበቃል። የከዚራን ዛፎች የተከሉት ሰዎች ለዚህ ብለው ባይሆንም፣ ተጠቀሙባቸው።

አሁን ወደ 61 እና 64 እንመለስ፤ ጉዳዩ እሱ ነው።

ፔጆው ራሱ 1,070 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሰውና ዕቃ ሲጫንበት 1,400 ይሆናል እንበል። ይህን ክብደት 800 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 3 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል፤ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ የሚፈጀው ያህል። መኪናው ወደ ላይ ሲወጣ ይህ ጉልበት አብሮት ወጥቷል። ሲወርድ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በፔጆው የሚሄደው ወደ ፍሬኑ ታምቡሮና ወደ ሞተሩ ነው፤ ሙቀት ሆኖ። ያ የሸራ ሽታ በመውጫው የከፈልነው ቤንዚን ነው፣ ሲቃጠል የሚሸተን።

አይዲ 4 በሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ 2,100 ኪሎ ገደማ። ሲወርድ ግን ሞተሩ ሥራውን ይገለብጠዋል። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ እንደ ዲናሞ መብራት ያመነጫል፣ መብራቱ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ፍሬኑ ብዙም አይነካም። ባትሪው 77 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ያ 3 በመቶ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። የሸራ ሽታ የለም። እናቶቹም ዝም አሉ።

ደግሞ እንዳንታለል። ነፃ አይደለም። ያው መኪና ደንገጎን ሲወጣ ከ10 በመቶ በላይ ይበላል፤ ሲወርድ የሚመልሰው የዚያን ቁራጭ ነው። ፔጆው ግን ቁራጭም አይመልስም።

የመሙላቱ ነገር ብዙ ወሬ አለበት፤ እኔ ግን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ የተባለውን ያህል አያስፈራም። ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቤት ካለ ተራ ሶኬት 10 አምፔር ቢሳብ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ማታ ሰክቶ የተኛ ሰው ጠዋት መንገዱን አግኝቷል፤ መብራት ካልሄደ። መብራት ከሄደ ደግሞ ያው ነው፤ ፔጆውም ነዳጅ ከጠፋ ሰልፍ ነው። ይልቅ የመኪናውን መሰኪያ እዩ። የቻይናና የአውሮፓ መሰኪያ አይገጥሙም፤ ሳያጣሩ ገዝተው አስማሚ ፍለጋ የሚንከራተቱ አሉ።

በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ የጁገል ነገርም እንዲሁ በአጭሩ። ፔጆው ወርዱ 1.62 ሜትር ገደማ ነው፤ አይዲ 4 1.85። በሐረር በር ገብቶ ፈረስ መጋላ ድረስ ችግር የለም። ከዚያ ወዲያ ግን ያ 23 ሴንቲሜትር ከግድግዳ ጋር ያስታርቃል።

እስካሁን ያልኩትን የቆጠረ ሰው አዲሱ አሸንፏል ይላል። በጉልበት፣ በከፍታ፣ በቁልቁለት። እውነት ነው። ታዲያ ፔጆው በምን ዕድሜ አገኘ? ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናው መመረት ያቆመው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ ከዚያ በኋላ ስንት መንግሥት አለፈ!

መልሱ መኪናው ውስጥ አይደለም፤ ጋራዡ ውስጥ ነው። ፔጆ 404 ኮፋኖው ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል። በእጅ ይደረሳል። ባትሪ ከሞተ በእጅ በሚዞረው ብረት፣ በማኖቬላ ይነሳል፤ ማኖቬላ ከጠፋ ይገፋል። የፓምፑ ጎማ ከተቀደደ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ይቆረጣል። በብረቶቹ መሃል የሚገባው ጓርኒሲዮን ከካርቶን ይሠራል። ዕቃ ከጠፋ ከሦስት የሞቱ መኪኖች አንድ ሕያው ይወጣል። ድሬ ላይ ደግሞ የባቡሩ ወርክሾፕ ነበር፤ ብረት መቅረጽና መበየድ የተማረ ሰው በየሰፈሩ ነበር። መኪናው ፈረንሳዊ ሆኖ መጣ፤ እዚህ እየተፈታና እየተገጠመ ሐረሬ ሆነ። በመጨረሻ ከመንገድ የገፋው ብልሽት አይደለም፤ ባጃጅ ነው።

አዲሱ መኪና ሲበላሽ ማን ይፈታዋል?

የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ሌላ ወዳጄ፣ የመኪናውን ስም ልተወው፣ አንድ ጠዋት ኤሌክትሪክ መኪናው አልከፈት አለው። ማታ 70 በመቶ ነበረው። ሪሞቱ አይሠራም፣ ስክሪን የለም፣ ድምፅ የለም፤ እንደ ድንጋይ ሆነ። አዲስ አበባ ለሸጠለት ሰው ደወለ። «በሎቤድ ጫንና ላከው» ተባለ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር!

ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸውን በፔጆ ነው የጨረሱት። መጡ። ሪሞቱን ገለባበጡት፤ ውስጡ የተደበቀች የብረት ቁልፍ አገኙ፣ በሩን ከፈቱ፣ ኮፋኖውን አነሱ። አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች። ቴስተራቸውን ነኩበት። 9 ቮልት።

«ባጃጅ አምጡ» አሉ።

ሰው ሳቀ። ባጃጅ መጣ። ከባጃጁ ባትሪ ሁለት ገመድ ሳቡና አገናኙ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ነቃ፤ መብራቱ ቦግ፣ ስክሪኑ በቻይንኛ ሰላምታ።

ለካ ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ማንኛውም መኪና 12 ቮልት ባትሪ አለው። ትልቁን ባትሪ የሚያገናኙት ማብሪያዎች፣ በሩ፣ ኮምፒውተሩ የሚነሱት በእሷ ነው። እሷ ከሞተች ትልቁ ሞልቶም ዋጋ የለውም። ጋሼ ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም። ማንኛውም መኪና ሲሞት መጀመሪያ 12 ቮልቱን ማየት እንዳለባቸው ግን ያውቃሉ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብለው ብርቱካንማ ገመዶቹን አዩ። «ይኼ ጋ አልደርስም» አሉ። ልክ ናቸው። በእነዚያ ገመዶች ውስጥ 400 ቮልት ገደማ አለ፤ በመሞከር አይለመድም። ካላማዳሪያ መቁረጥ የሳተ ሰው ሌላ ይቆርጣል። እዚህ የሳተ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ስለዚህ መስመሩ የት እንዳለ እዚያው ታየኝ። ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ መሪው፣ ጎማው፣ ላሜራው፣ 12 ቮልቱ፣ እነዚህ የድሮው እጅ የሚችላቸው ናቸው፤ ቢያንስ ግማሹ ሥራ እነሱ ናቸው። ክብደቱ ሁለት እጥፍ ስለሆነ ጎማና ኩሽኔታ እንዲያውም ሥራ ያበዛሉ። የቀረው፣ ብርቱካንማው፣ ጓንት፣ መሣሪያና ሥልጠና ይፈልጋል። ባትሪው አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ከብዙ ክፍሎች የተሰደረ ነው፤ የታመመውን ክፍል ብቻ ለይቶ መቀየር የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ድሬ ውስጥ ካለ መኪናው 15 ዓመት ይኖራል። ከሌለ በመጀመሪያው ከባድ ብልሽት ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። እኔ የምፈራው ይሄን ነው እንጂ የቻርጅ ማድረጊያ እጥረትን አይደለም።

አይቻልም እንዳይባል፣ ይህችው ከተማ ሌላ ምሳሌ አላት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። በ2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ሲጀምር ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። በ2016 ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላልፏል። ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ከዚያ ባቡር ሽቦ ጋር ሲነጻጸር የመኪናው 400 ቮልት የሕፃን ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ባቡሩ ሲገዛ ሥልጠናው አብሮ መገዛቱ ነው። መኪኖቹ ግን አንድ በአንድ፣ በየነጋዴው በኩል፣ ያለ መካኒክ ነው የሚገቡት። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ቤንዚን ሞተር የሚፈቱትን ያህል ባትሪ መፍታት ካላስተማሩ፣ አስመጪውም ዕቃና ሥልጠና ይዞ እንዲመጣ ካልተገደደ፣ ሎቤድ ያላቸው ሰዎች ሀብታም ይሆናሉ።

በዚያው ሳምንት ጓደኛዬ መኪናዋን ይዞ ጋሼ ጋር ወሰደኝ። የፊት ኩሽኔታዋ ትንሽ ይጮሃል ብሎ ነው። ሠርተው ሲጨርሱ «ልሞክራት?» አሉ። ገብተው ተቀመጡ። የሚዞር ቁልፍ ፈለጉ፤ የለም። ፍሪሲዮን በግራ እግራቸው ፈለጉ፤ የለም።

«ማርሿስ የት ነው ልጄ?» እያሉ ሳለ ቀኝ እጃቸው በልማድ ወደ መሪው ጀርባ ሄደ።

እዚያው ነበረች።